“የፊንጢጣ ካንሰር” ተብሎ የመጣ ካርድ፦ ሲ20 ነው ሲ21?

ካርድ_ክፍል_ነኝ (ማክሰኞ፣ ማታ 2፡40)

ሰላም ለሁላችሁ። መሐል አዲስ አበባ፣ ከሜክሲኮ አደባባይ በእግር የሚደረስበት አንድ ሆስፒታል ውስጥ ኤችአይቲ (የጤና መረጃ ቴክኒሻን) ነኝ። ስሙ ይቅር። በአይሲዲ-10፣ በዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምድብ መጽሐፍ፣ ለካርድ ኮድ መስጠት ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ጠረጴዛዬ ላይ ያደረ አንድ ካርድ አለ፤ መዝጋት አቃተኝ።

የታካሚዋን ማንነት የሚጠቁም ነገር አልጽፍም። ወረቀቶቹን ብቻ ልዘርዝር። ተመላላሽ ክፍል ያያት ሐኪም “ሬክታል ማስ” (የሬክተም እብጠት) ብሏል። የባዮፕሲ መጠየቂያው ላይ በሌላ ሰው እጅ ጽሑፍ “አኖሬክታል ማስ” (የኤነስና የሬክተም እብጠት) ተጽፏል። ፓቶሎጂው “ስኩዌመስ ሴል ካርሲኖማ” (ቆዳ መሰል ከሆነ ሽፋን የሚነሳ ካንሰር) ብሎ መልሷል፤ ናሙናው ከየት እንደተወሰደ የሚለው ግን መጠየቂያው ላይ ያለውን ቃል በቃል ገልብጦ ነው። የመውጫ ማጠቃለያው “ሲኤ ሬክተም” (የሬክተም ካንሰር) ይላል። ለመሥሪያ ቤቷ የተጻፈላት የአማርኛ ማስረጃ ደግሞ “የፊንጢጣ ካንሰር”።

አሁን ሲ20 ልስጥ? ሲ21.0? ሲ21.1 (የኤነስ ቦይ)? አለቃዬ “ሲ21.8 ስጪና ዝጊው፤ የወሩ ሪፖርት ነገ ይገባል” ብሎኛል። ሲ21.8 ስህተት አይመስለኝም፤ ግን ልቤ አልተቀበለውም። ምን ትላላችሁ?

---

ሌሊት_ኮደር (ማክሰኞ፣ ማታ 3፡05)

የመጨረሻው ምርመራ “ሲኤ ሬክተም” ከሆነ ሲ20 ነው፤ አለቀ። ኮደር ሐኪም አይደለም። እኛ የአሜሪካን ክሊኒኮች ቻርት ነው የምንሠራው፤ እዚያ የሐኪሙን ቃል ትተሽ በራስሽ ግምት ከሄድሽ ኦዲት ላይ ነጥብሽ ይወርዳል።

---

ጋሽ_መዝገብ (ማክሰኞ፣ ማታ 3፡31)

ልጄ፣ ካርዱን ባለመዝጋትሽ ተባረኪ።

ሌሊት ኮደር ያለው ግማሹ ልክ ነው፤ ምርመራ የሚሰጠው ሐኪሙ ነው። ነገር ግን ሐኪሙ በአራት ወረቀት አራት ነገር ሲናገር የመጨረሻውን መርጦ መያዝም ግምት ነው።

ከአማርኛው ልጀምር፣ ምክንያቱም ብዙ ልጆች እዚያ ላይ ሲወድቁ አይቻለሁ። “ፊንጢጣ” የሚለው ቃል በእኛ አፍ ሁለት ቦታ ይሸፍናል። “የአንጀትና የፊንጢጣ ካንሰር” ሲባል በሬዲዮ ትሰሚያለሽ አይደል? እዚያ ላይ ፊንጢጣ የተባለው ሬክተም ነው፣ የትልቁ አንጀት መጨረሻ። ያው ቃል ደግሞ መውጫውን፣ ኤነስን፣ ይጠራበታል። በአማርኛ አንድ ቃል፣ በአይሲዲ-10 ሁለት ምድብ፦ ሬክተም ሲ20፣ ኤነስና የኤነስ ቦይ ሲ21። ስለዚህ የአማርኛ ማስረጃ ላይ ተመሥርቶ ኮድ አይሰጥም። ያንን ወረቀት ከፊትሽ አንሺው።

“ኪንታሮት”ም እንዲሁ ነው። መቀመጫ ላይ የሚያብጠው የደም ሥር ኪንታሮት ይባላል፤ ኬ64 ነው። በቫይረስ የሚመጣው፣ ቆዳ ላይ የሚበቅለው ጓጉላም ኪንታሮት ነው፤ እዚያው አካባቢ ከወጣ ኤ63.0። “ኪንታሮት አለብኝ ብሏል” ተብሎ የተጻፈ የሕመም ታሪክ አንብቤ የትኛው እንደሆነ ያወቅሁበት ቀን የለም።

---

ቀይ_መስቀል_ማዶ (ማክሰኞ፣ ማታ 3፡50)

@ጋሽ_መዝገብ ስለ ኪንታሮት ያሉት ልክ ነው ጋሼ። ነርስ ነኝ፣ ኬሞ ክፍል። ታካሚዎቹ ራሳቸው ደም ሲያዩ “ኪንታሮት ነው” ብለው ወራት ያሳልፋሉ። እዚህም እዚያም ቅባት፣ የባህል መድኃኒት፣ ጸበል። እፍረቱ ነው የሚገድለው። ሐኪም ፊት ቆመው እንኳ “ከታች ያመኛል” ነው የሚሉት። ከታች የቱ? ሆድ? ማሕፀን? የመጀመሪያው ካርድ ላይ “ሎወር አብዶሚናል ፔይን” ተብሎ ተጽፎ ያየሁት አለ፣ ሰውየው ሆዱን አንድም ቀን አሞት አያውቅም።

---

ሬዚደንት_በስተኋላ (ረቡዕ፣ ንጋት 11፡15)

ዲዩቲ ላይ ሆኜ ነው የማነበው፤ ትንሽ ፋታ አገኘሁ።

እኔ የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት ነኝ፤ የወገኖቼን ጥፋት ልናዘዝ። “ሬክታል ማስ” የምንለው ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ጣት አስገብተን የምናደርገው ምርመራ ስሙ “ፒአር” ነው፣ “በሬክተም በኩል” ማለት። ስለዚህ ጣታችን የነካው ነገር ሁሉ እጃችን ላይ “ሬክታል ማስ” ሆኖ ይወጣል፤ ዕጢው መግቢያው ላይ ቢሆንም። ቃሉ የምርመራው ነው እንጂ የቦታው አይደለም። ጠዋት ሞርኒንግ (የሐኪሞች ስብሰባ) ላይ የተጻፈው ይደገማል፣ ወደ ማጠቃለያው ይገለበጣል፣ “ማስ” የሚለው “ሲኤ” ይሆናል፣ ቦታውን ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

የኤነስ ቦይ ርዝመቱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። መሐሉ ላይ “ዴንቴት ላይን” የሚባል፣ የጥርስ ዓይነት ቅርጽ ያለው መስመር አለ። ከመስመሩ በታች ሽፋኑ ስኩዌመስ ነው፣ የቆዳ ዘመድ። ከቦይው በላይ ሬክተም ሲጀምር ሽፋኑ እንደ አንጀት ፈሳሽ አመንጪ ይሆናል፤ የሬክተም ካንሰር በአብዛኛው ከዚህ ዓይነት ሽፋን የሚነሳው አዴኖካርሲኖማ የሆነው ለዚህ ነው። ሬክተም ላይ ስኩዌመስ ሴል ካርሲኖማ አይኖርም አልልም፤ አለ፣ ግን ብርቅ ነው። “ሲኤ ሬክተም” ከሚል ማጠቃለያ ጋር ስኩዌመስ የሚል ፓቶሎጂ ካየሽ ጆሮሽ ሊቆም ይገባል።

ይህ የኮድ ጨዋታ ብቻ አይደለም። የሬክተም አዴኖካርሲኖማ መሠረታዊ ሕክምናው ቀዶ ሕክምና ነው። የኤነስ ስኩዌመስ ግን ዋናው ሕክምናው ጨረርና ኬሞ በአንድ ላይ ነው። ድሮ ሁሉም ተቆርጦ፣ ዕድሜ ልክ ሆድ ላይ ከረጢት ተንጠልጥሎ ነበር የሚኖረው። በ1974 እ.ኤ.አ. ኒግሮ የሚባል የዲትሮይት ቀዶ ሐኪም ከቀዶው በፊት ጨረርና ኬሞ ሰጥቶ ሲያበቃ፣ ተቆርጦ የወጣው ሥጋ ውስጥ ካንሰር ሳይገኝ ቀረ። ዛሬም ሚቶማይሲንና ፋይቭ ኤፍዩ የሚባሉ የኬሞ መድኃኒቶችን ከጨረር ጋር የምንሰጠው ከዚያ ተነስተን ነው። ቀዶው አሁን ካንሰሩ ሲቀር ወይም ሲመለስ የሚመጣ ነው። እንግዲህ ካርዷ “ሲኤ ሬክተም” ይዞ ወደ ሌላ ሆስፒታል ሪፈር ቢደረግ፣ ተቀባዩ ፓቶሎጂውን ሳያይ በወረቀቱ ቃል ቢያቅድ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት።

የፕሮክቶስኮፒ (ኤነስንና ሬክተምን በመሣሪያ የማየት ምርመራ) ማስታወሻ ካለ ፈልጊ። “ከኤናል ቨርጅ (ከመውጫው ዳር) ይህን ያህል ሴንቲ” የሚል መስመር ይኖራል። ያ ቁጥር ከአራቱም ወረቀት ይበልጣል።

---

ሌሊት_ኮደር (ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡20)

እሺ፣ ስለ ስኩዌመሱ ተሸንፌያለሁ። ቢሆንም ቁጥር አይታ ራሷ ሲ21.1 ብትሰጥ ያው ግምት ነው። ሐኪሙን ትጠይቅ።

---

ጋሽ_መዝገብ (ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡02)

እዚህ ላይ ተስማማን። መጠየቅ ነው።

አለቃሽ ስላለው ሲ21.8 ግን አንድ ነገር ልበል። ኮዱ የተሠራው ሬክተምን፣ ኤነስንና ቦዩን አንድ ላይ ለያዘ፣ መነሻው ከእነዚህ ለአንዱ ሊሰጥ ለማይችል ዕጢ ነው። “አኖሬክታል” የሚለው ቃልም እዚያው ይገባል። ስለዚህ መጠየቂያው ላይ “አኖሬክታል” ስላለ አለቃሽ ከመጽሐፉ አልወጣም። ነገር ግን “መነሻው አይታወቅም” እና “መነሻውን ማንም አልጠየቀም” ለየቅል ናቸው። ሲ21.0ም እንዲሁ ነው፤ “ኤነስ፣ ያልተገለጸ”። እነዚህ ሁለቱ የሰነፍ ማረፊያ ሆነዋል። በዚህ ሁኔታ የተዘጋ ካርድ ነገ ማንም አይከፍተውም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባላል፤ ስህተቱም አብሮ ይወረሳል።

ሌላው ደግሞ ውጭ ያለው ቆዳ ነው። ዕጢው የኤነስ ዳር ላይ ያለ ቆዳ ወይም ዙሪያው ከሆነ ሲ21 ውስጥ አይገባም፤ ሲ44.5 ነው፣ የግንድ አካል ቆዳ። ሜላኖማ ከሆነ ደግሞ ሲ43.5። ስለዚህ ስትጠይቂው “ሬክተም ነው ኤነስ?” ብለሽ አትጠይቂው፤ ሁለት ምርጫ ብቻ ሰጥተሽ ታስሪዋለሽ። “ዕጢው የተነሳበትን ቦታ ይግለጹልኝ” በይው። ቃሉ ከእሱ ይምጣ።

---

ፖስታቤት_ጀርባ (ረቡዕ፣ ቀን 6፡48)

ምሳ ሰዓት ላይ ያገኘሁት ክር፤ አልፌው መሄድ አቃተኝ። እኔ የካንሰር መረጃ እሰበስባለሁ፣ ከሆስፒታል ሆስፒታል እየዞርኩ ካርድ አነባለሁ።

በ2004 ዓ.ም. ጥቁር አንበሳ ውስጥ የተጀመረው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ የነዋሪውን ካንሰር ነው የሚቆጥረው። እኛ ዘንድ አንድ ዕጢ ሁለት ኮድ ይይዛል፦ ቦታና ዓይነት። ቦታው ሲ21.1 ከሆነ፣ ዓይነቱ ስኩዌመስ ሴል ካርሲኖማ 8070 ይሆናል፤ ከዚያ እዝባር ተደርጎ 3 ይጻፋል። ያቺ የመጨረሻ ቁጥር ትንሽ ትመስላለች እንጂ ዳኛ ናት። 0 ጉዳት የሌለው፣ 1 ያልለየለት፣ 2 ቦታው ላይ ያለ፣ 3 ወራሪ። “ኤይን 3” (የኤነስ ሽፋን ቅድመ ካንሰር ለውጥ) የሚል ፓቶሎጂ 8077 እዝባር 2 ነው፤ በአይሲዲ-10 ዲ01.3። ካንሰር ሊሆን የሚችል እንጂ ወራሪ ካንሰር አይደለም። ሲ21 ተብሎ የተሰጠ አግኝቼ አስተካክያለሁ፤ ያ ሰው በወረቀት ላይ ካንሰር ተሸክሞ ነበር።

“ማስ” ብቻ ሲባል ዲ37 የምትሰጡም እባካችሁ ተዉ። ዲ37 ዕጢ መሆኑ ተነግሮ ባሕርዩ አጠራጣሪ ወይም ያልታወቀ ሲሆን ነው። “ማስ” የሚለው ቃል ግን ብቻውን ዕጢ መሆኑን አይናገርም።

የእኔ ትልቁ ራስ ምታት ግን ቀን ነው። ፓቶሎጂው “4/5/2016” ብሎ ይጽፋል። በእኛ ከሆነ ጥር 4 ቀን 2016 ነው፤ በፈረንጅ ጃንዋሪ 13፣ 2024። እንደ ፈረንጅ ካነበብኩት ግን ሜይ 2016 ወይም ኤፕሪል 2016 ይሆንብኛል። ካንሬግ (የካንሰር መዝገቡ የኮምፒውተር ፕሮግራም) ላይ እንዲያው ካስገባሁት ታካሚው ከመታመሙ በፊት ስምንት ዓመት ገደማ የኖረበት ካንሰር ይወጣለታል! ከየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አንድ ፊደል ብትጨምሩ፣ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ.፣ ምን ይጎዳችኋል?

አድራሻም አለ። ከክፍለ ሀገር ለሕክምና የመጣ ሰው ያረፈበትን የዘመድ ቤት ይናገራል፤ ካርዱ ላይ “ልደታ” ይጻፋል፤ እኛ የአዲስ አበባ ነዋሪ አድርገን እንቆጥረዋለን። በተቃራኒው ደግሞ “ፒያሳ” የሚል ካርድ ይዘን ሰው ስንፈልግ ሰፈሩ ፈርሶ ሰዎቹ ዳር ከተማ ሄደዋል። ስልክ ሁለት ውሰዱ፣ የራሱንና የዘመድ።

---

ቀይ_መስቀል_ማዶ (ረቡዕ፣ ቀን 7፡30)

@ፖስታቤት_ጀርባ የቀኑ ነገር እውነት ነው ወንድሜ፣ እኛም ዑደት ስንቆጥር እንሳሳታለን።

አንድ ጥያቄ ላንሳ። ታካሚዋ ኤችአይቪ ካለባት ቢ21.8 (በኤችአይቪ ምክንያት የመጣ ሌላ ካንሰር) ልትሰጥ ነው? እኛ ክፍል አንዱ ሰጠ፣ ሌላው “አይ፣ ምን አገናኘው” ብሎ ሰረዘው።

---

ሬዚደንት_በስተኋላ (ረቡዕ፣ ማታ 1፡10)

ያገናኘዋል። የኤነስ ካንሰር አብዛኛው፣ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል፣ ከኤችፒቪ ጋር የተያያዘ ነው፤ በተለይ ከዓይነት 16። የማሕፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ያው ቫይረስ ነው። ኤችአይቪ ያለበት ሰው ሰውነቱ ቫይረሱን ማስወገድ ስለሚከብደው አደጋው ከፍ ይላል። ግን ካርዱ ላይ “በኤችአይቪ ምክንያት የመጣ” ብሎ ማያያዝ የሐኪሙ ነው። ካልጻፈው ሁለቱን ለየብቻ መመዝገብ ነው።

---

ሌሊት_ኮደር (ረቡዕ፣ ማታ 3፡00)

የአሜሪካኖቹ መጽሐፍ ላይ ቢ21 የሚባል የለም፤ ሁሉም ቢ20 ውስጥ ገብቷል። ሁለቱን መጻሕፍት የምታቀያይሩ ተጠንቀቁ። ሌላ ልዩነትም አለ። እኛ ተመላላሽ ቻርት ላይ “ይጠረጠራል” የሚል ካለ ካንሰር ብለን ኮድ አንሰጥም፤ ምልክቱን ነው የምንሰጠው፣ ለምሳሌ ደም መፍሰሱን፣ ኬ62.5። በዓለም ጤና ድርጅቱ አይሲዲ-10 ግን ሕክምናው አልቆ ሌላ ማብራሪያ ከሌለ፣ የተጠረጠረው እንደተረጋገጠ ሆኖ ይመዘገባል። እዚህ አገር ለሆስፒታል የምትሠሩ ሁለተኛው ነው የሚመለከታችሁ። እኔ መጀመሪያ ላይ ያደናበርኳትም የለመድኩትን ይዤ ነው። ይቅርታ እህቴ።

“የነበረበት” ስለሚለው ኮድም ላክልበት፣ እኔ ራሴ ኦዲት የተደረግሁበት ነው። ጨረሩና ኬሞው አለቀ ተብሎ ወዲያው ወደ ዜድ85 አይኬድም። የኤነስ ካንሰር ቀስ ብሎ ነው የሚጠፋው፤ ኤሲቲ 2 የሚባለው የእንግሊዞች ጥናት ውጤቱን መመዘኛው ጥሩ ጊዜ ሕክምናው ከተጀመረ 26 ሳምንት ላይ እንደሆነ አሳይቷል። እኔ በሦስተኛ ወሩ “ሕክምና ጨርሷል” የሚል አንብቤ ካንሰሩን ወደ ታሪክ ቀየርኩት። ሐኪሙ ግን ገና እየተከታተለ ነበር። “ካንሰር የለም” የሚለው ቃል ከሐኪሙ እስኪመጣ ሲ21 ባለበት ይቆያል።

---

አዲስ_ምሩቅ (ረቡዕ፣ ማታ 3፡22)

አዲሱ እትም፣ አይሲዲ-11፣ ሲመጣ ይሄ ሁሉ ጣጣ ያልቃል አይደል?

---

ጋሽ_መዝገብ (ረቡዕ፣ ማታ 3፡40)

አያልቅም ልጄ። እዚያ የኤነስና የቦዩ ካንሰር 2ሲ00 ነው፤ የሕዋሱም ዓይነት ኮዱ ውስጥ ይገባል፣ ስኩዌመሱ ለብቻው አለው። ያ ጥሩ ነው። ነገር ግን ኮምፒውተሩ ላይ “ሬክተም” ብለህ ከጻፍክበት ሬክተም ነው የሚያወጣልህ።

---

ካርድ_ክፍል_ነኝ (ዓርብ፣ ቀን 10፡05)

ተመለስኩ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ ጋሼን።

የፕሮክቶስኮፒ ወረቀቱን አገኘሁት፤ ካርዱ ውስጥ ሳይሆን አንድ መዝገብ ጀርባ ተጣጥፎ። “ከኤናል ቨርጅ 2 ሴንቲ፣ ከዴንቴት ላይን በታች” ይላል። ይዤው ወደ ሲኒየሩ ሄድኩ። ራውንድ ላይ ስለነበሩ ኮሪደር ላይ ቆሜ አርባ ደቂቃ ጠበቅሁ። ጋሼ እንዳሉት “ዕጢው የተነሳበትን ቦታ ይግለጹልኝ ዶክተር” አልኳቸው። መጀመሪያ ፊታቸው ጠቆር አለ፣ “ጽፈነዋል እኮ” አሉ። አራቱን ወረቀት ደርድሬ ሳሳያቸው ዝም አሉ፤ ከዚያ ሳቁ። የድሮውን አልሰረዙም፤ ከሥሩ አዲስ ማስታወሻ ጽፈው፣ ቀን ከነዓ.ም. አድርገው፣ ፈረሙበት፦ ኤናል ካናል፣ ስኩዌመስ ሴል ካርሲኖማ። የሪፈራል ወረቀቷንም ቀይረው ጻፉላት። ሲ21.1 ሰጠሁ።

አለቃዬ ሪፖርቱ አንድ ቀን ስለዘገየ አኩርፎኛል። ይለፍለት።

አሁን ግን አዲስ ነገር አገኘሁ። ያው ማስታወሻ ላይ “የብሽሽት ንፍፊት በእጅ ይዳሰሳል” የሚል አለ። ሲ77.4 (ወደ ብሽሽት ንፍፊት የተሠራጨ ካንሰር) ልጨምር?

---

ሬዚደንት_በስተኋላ (ዓርብ፣ ማታ 12፡30)

አትጨምሪ። መዳሰስና መሠራጨት አንድ አይደለም፤ የብሽሽት ንፍፊት ከእግር ቁስልም ያብጣል። በመርፌ ናሙና ይወሰድ ተብሎ ታዝዞላታል?

---

ካርድ_ክፍል_ነኝ (ዓርብ፣ ማታ 12፡41)

ሰኞ ቀጠሮ አላት።

---

ፖስታቤት_ጀርባ (ዓርብ፣ ማታ 12፡55)

ውጤቱ ሲመጣ ከካርዱ ጋር ስፊው እህቴ፣ እንደ ፕሮክቶስኮፒው መዝገብ ጀርባ እንዳይገባብኝ። ማክሰኞ ወደ እናንተ ነው የምመጣው።